አባቴን በጣሳ የለካንበት ሳምንት

ወሬው የደረሰኝ ሩዝ እየለካሁ ነው። የምሠራው ዓረብ አገር፣ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በቀን አሥር ኩባያ ሩዝ እለካለሁ። አራተኛው ኩባያ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ የእህቴ የድምፅ መልእክት ነበር። እህቴ ደግሞ ወሬ ስትጀምር መግቢያ የሚባል ነገር አታውቅም።

"ስሚ፣ አባዬ ሊጠመቅ ነው። ወንዝ መውረድ ስለማይችል እቤት ነው የሚጠመቀው፣ በሣጥን። ያቺን ጣውላውን አስወርዷል። እማዬ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደሚፈጅ አስልታ ትንገረኝ ብላለች። ቶሎ በይ፣ ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው።"

ኩባያውን አስቀምጬ ደግሜ ሰማሁት። ሦስተኛም ሰማሁት። ከዚያ አራት ይሁን አምስት ኩባያ እንደጨመርኩ ጠፋብኝና ሩዙን ሁሉ ገልብጬ ከአንድ ጀመርኩ።

ለምን እንዲህ እንደደነገጥኩ እንዲገባችሁ ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ የእንጨት ሰው ነው። በወጣትነቱ ከዲክሲስ ወጥቶ አሰላ ገባ፤ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስም በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሠራ። እናቴ እኔ ሳልወለድ ጌታን የተቀበለች ሴት ናት። እሱ እሷን አልከለከለም፣ እኛንም አልከለከለም። እንዲያውም የጸሎት ቤታችንን አግዳሚ ወንበሮች አንድ በአንድ የሠራው እሱ ነው። ራሱ ግን የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ላይ ነበር፤ ለመውጣት እንዲመቸው። ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ "እርስዎስ መቼ ነው?" ይሉታል። መልሱ አንድ ነው፦ "ገና አልደረቅሁም። እርጥብ ጣውላ ከሠራችሁበት በኋላ ይጣመማል።"

እናቴ በዚህ መልስ ስትስቅም ስታለቅስም አይቻታለሁ። እኔ በበኩሌ ስለ እሱ መጸለይ የጀመርኩበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ከ"አባታችን ሆይ" ጋር አብሮ የተማርኩት ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። አንደበቱን እግዚአብሔር ተወለት። ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉ፤ ብትቆነጥጠውም አይሰማውም። በዚያው በአልጋው ላይ ሳለ፣ ሊጠይቀው የመጣውን ፓስተራችንን "አሁን ደርቄያለሁ" አለው።

የተባባሉትን እህቴ ነገረችኝ። ፓስተሩ ወጣት ነው፤ በደስታ ቀኝ እጁን ጨበጠና "ጋሼ፣ ለታመመ ሰው ውሃ በራስ ላይ ማፍሰስ ይበቃል። ጌታ የሚያየው ልብዎን ነው" አለው።

"ልቤንማ ይየው። ግን ለአጥር የሚቆም ቋሚ በተቃጠለ ዘይት ሲነከር አይተህ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ግማሹን ነክረህ ግማሹን ብትተወው ምስጡ በየት በኩል ይገባል?"

"ዘይት ባልነካው በኩል።"

"በቃ። እኔ ሙሉ ለሙሉ ነው የምገባው። አንዲት ጣት ውጭ እንድትቀር አልፈልግም።"

ቤተ ክርስቲያናችን የምታጠምቀው ወደ ዴራ በሚያወርደው መንገድ ባለ ወንዝ ነው፤ ወደ ቆላው ስለሆነ ውሃው እንደ አሰላ አጥንት አይሰብርም። ግን ከመኪናው መውረጃ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ለጤነኛም አይመች። ስለዚህ አባቴ ራሱ መላ አመጣ። ቤታችን ኮርኒስ የለውም፤ ከጣሪያው ስር፣ በማገሮቹ ላይ፣ ሰባት የጥድ ጣውላ ተጋድሞ ኖሯል። ለምን እንደተቀመጠ ልጅ አዋቂ ያውቃል፦ ለአስከሬን ሣጥኑ ነው። "የሞትኩ ለት እንጨት ፍለጋ ልጆቼን አላንከራትትም" ይል ነበር። አሁን አውርዱልኝ አለ።

እናቴ ዝም አላለችም። "አንተ ሰውዬ፣ መቃብርህን ከራሴ በላይ ሰቅለህ ይኸን ሁሉ ዓመት አስተኛኸኝ። አሁን ደግሞ ገላህን ልትታጠብበት ነው?"

"ጥምቀት መቀበር ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ያው ለቀብር ነው።"

እናቴ ጀሪካኖቹን መቁጠር ጀመረች።

ችግሩ ውሃው ነበር። በሰፈራችን ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። የቤታችን ጀሪካን አይበቃም፣ የጎረቤትም ሊጨመርበት ነው። እናቴ የፈራችው ሁለት ነገር ነው። ውሃው ቢያንስ አባቴ ሙሉ ለሙሉ ሳይገባ ይቀራል፤ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ነገር ደረቱ ላይ ይቆማል። ቢበዛ ደግሞ የሰው የሳምንት ውሃ ግቢ ውስጥ ይፈስሳል። "ልክ ልኩን ንገሪኝ" ያለችኝ ለዚህ ነው። እኔን የመረጠችኝም ከልጅነቴ ጀምሮ ሁሉን ለክቼ የምሠራ ስለሆንኩ እንጂ የሒሳብ ሰው ሆኜ አይደለም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ደወልኩ። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ እንደ ድሮው የመሰንጠቂያ ቤት ድምፁ ተናገረ፦

"ጻፊ። ውጭ ለውጭ መቶ ዘጠና በሰማንያ። ከፍታው ስልሳ። ጣውላው አምስት። ውሃው አርባ ሴንቲ ከቆመልኝ ተንጋልዬ እገባለሁ።"

የዱቄት ከረጢት ቀድጄ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ከዳርና ከዳር አምስት አምስት ስቀንስ ውስጡ መቶ ሰማንያ በሰባ ሆነ፤ በአርባ ሳባዛው አምስት መቶ አራት ሺህ ሴንቲ ሜትር ኩብ። ይኸን ቁጥር አየሁት፣ ምንም አልነገረኝም። ወጥ ቤታችን ውስጥ አንድ የመለኪያ ጆግ አለ፤ በአንድ ጎኑ ኩባያ፣ በሌላው ጎኑ ሊትር ተጽፎበታል። እሱን ከፊቴ አቁሜ ወደማውቀው አመጣሁት። በጆጉ አንድ ኩባያ ሁለት መቶ አርባ ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ አምስት መቶ አራት ሊትር ማለት ሁለት ሺህ አንድ መቶ ኩባያ ነው። ለእኔ የሁለት መቶ አሥር ቀን ሩዝ። ያን ጊዜ ውሃው ታየኝ፤ ትንሽም ፈራሁት።

"በጣሳ ስንት ነው?" አለች እናቴ ከኋላ። የእናቴ ጣሳ ልክ አንድ ሊትር ናት፤ ባለፈው ለዕረፍት ስገባ በሊትር መለኪያ ሞክሬያታለሁ። "አምስት መቶ አራት" አልኳት።

አባቴም "ጣውላው ራሱስ?" አለ። "ሰባቱም ባለ አራት ሜትር ናቸው፤ አምስት በሃያ። እኛ ዜሮ ነጥብ ሃያ ስምንት ሜትር ኩብ እንለዋለን። በእናትሽ ጣሳ ስንት ይሆናል?"

"ሁለት መቶ ሰማንያ።"

"እንዴት?"

"አንድ ሜትር ኩብ አንድ ሺህ ጣሳ ነው አባዬ።"

ከዚያ ሲስቅ ሰማሁት። "የኔ ሜትር ኩብና የናንተ ጣሳ ዘመዳሞች ናቸዋ! ይኸን ሁሉ ዘመን አንድ ቤት ኖረው ሳይተዋወቁ!" ከዚያ ሳቁን አቆመ። "እንግዲህ ሁለት መቶ ሰማንያ ጣሳ እንጨት አምስት መቶ ጣሳ ውሃ ይሸከማል ማለት ነው። ያ ዋቃ! ከራሱ የሚበልጥ።" አባቴ አምላክን ከልቡ ሲጠራ በኦሮምኛ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት በሜትር ኩብ ሲለካ ኖሯል፤ እናቴ ገብሱንም ውሃውንም በጣሳ። እኔ በኩባያ። ሦስታችንም ያው አንድ ነገር፣ ቦታ የሚባለውን፣ እየሰፈርን ነበር። ውቅያኖስን በእፍኙ የሚሰፍር አምላክ ሦስታችንንም እያየ ምን ይል ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ሣጥኑን የሚሠራው የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ከሁሩታ ድረስ መጥቶ ነበር። ስልኩን ተቀበለ።

"ልጄ፣ አምስት ሲልሽ አምስት ብለሽ ቀነስሽ?"

"አዎ ጋሼ።"

"አይ የኔ ልጅ! አምስት ስሙ እኮ ነው። መጋዙ ይበላዋል፣ መላጊያው ይበላዋል፣ መድረቁም ይበላዋል። እጄ ላይ ያለው አራት ነው።"

"አባዬ አምስት ነው አለኝ እኮ።"

"ስሙማ አምስት ነው!" አለ አባቴ ከአልጋው፣ ቅር ብሎት።

እንደገና ሠራሁት። ግድግዳው ሲቀጥን ሆዱ ሰፋ፤ ውሃው አምስት መቶ ሃያ አራት ሆነ። በባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ስድስት። ለእናቴ ስነግራት ደስ አላላትም።

"ሃያ ስድስት! እሱስ?"

"ማን?"

"አባትሽ ነዋ! ውሃ በሞላ ድስት ላይ ድንች ስትጨምሪ ምን ይሆናል? አንቺ ወጥ ቤት የምትሠሪ ሴት! አባትሽ አየር ነው?"

አፈርኩ። ያን ሁሉ ሳባዛና ስቀንስ፣ ሣጥኑንና ጣውላውን በሴንቲ ሜትር ሳስብ፣ የሚገባበትን ሰው ረስቼዋለሁ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ፊቴን ይሞቀኛል። ስለ እሱ ስጸልይም እንዲህ እየረሳሁት ኖሬ ይሆን ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ ጥምቀቱን እየለመንኩ ሰውየውን እየረሳሁ።

"እንዴት ነው አባዬን የምንለካው?" አልኩ።

"እንደ ግንድ ነዋ" አለ እሱ። "ሌላ ምን መለኪያ አለኝ?"

የድሮ ሰዎች ክብ ግንድ የሚለኩት በሲባጎ ነው። ወገቡ ላይ ያዞሩታል፤ ሲባጎውን አራት ቦታ ያጥፉታል፤ የእጥፉን ርዝመት በራሱ ያባዙና በግንዱ ቁመት ይመቱታል። የሚወጣው ከእውነተኛው ያንሳል። ልጣጩና በመጋዝ የሚባክነው አስቀድሞ የተቀነሰበት፣ ለሥራ የሚውለው ብቻ ነው። ባልደረባው አባቴን ቀና አድርጎ ሲባጎውን በወገቡ አዞረ። እህቴ ስልኩን ይዛ እየሳቀች ታሳየኛለች። አባቴ "አጥብቀህ አትያዝ፣ ለሻጩም ለገዢውም እኩል አድርገህ ያዝ!" ይለዋል። ሲባጎው ሰባ ስድስት ሆነ፤ አራት ሲታጠፍ አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኝ በአሥራ ዘጠኝ፣ በመቶ ስልሳ አምስት ቁመቱ። ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ስልሳ አምስት። ስልሳ ጣሳ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

የግንድ መለኪያ ለሰው ይሆናል ብዬ አላመንኩም። ሰው በውሃ ውስጥ ለመንሳፈፍም ለመስጠምም ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ኪሎው ከሊትሩ ብዙ አይርቅም። "እማዬ፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ክብደቱ ስንት ይላል?" አልኳት። መነጽሯን ፈልጋ፣ ካርዱን ፈልጋ፣ ብርሃን ወዳለበት ወጥታ አነበበች።

"ሃምሳ ዘጠኝ።"

ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ግንድ ለመለካት የተበጀ ሲባጎ፣ የጤና ጣቢያ ሚዛንና የእናቴ ጣሳ ስለ አባቴ አንድ ቃል ተናገሩ። የሚባክነው ተቀንሶ፣ ለሥራ የሚውለው ብቻ ተለክቶ፣ ያው እሱ ራሱ ሆኖ ወጣ። በእኔ ኩባያ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፤ የሃያ አምስት ቀን ሩዝ። አባቴ ትልቅ ሰው ነበር፤ በልጅነቴ ትከሻው ላይ ሆኜ የጪላሎ ተራራን ጫፍ ያየሁበት ሰው። እንዲህ በትንሽ ስፍራ መኖሩ ገረመኝ። እግዚአብሔር በሃያ አምስት ቀን ሩዝ ስፍራ ውስጥ ይኸን ሁሉ ቁጣ፣ ይኸን ሁሉ ቀልድና ዝምታ እንዴት ጨመረው?

"ሦስት ጀሪካን ብቻ ነኝ?" አለ አባቴ ሲነገረው።

"ስታወራ አሥር ትመስል ነበር" አለች እናቴ።

ሦስት ከሃያ ስድስት ሲቀነስ ሃያ ሦስት። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ እናቴ ሕፃን ለማጠብ በምታውቀው ልክ ከፋፈለችው፦ አንድ እጅ ፍል፣ ሁለት እጅ ቀዝቃዛ። ስምንት ጀሪካን በሰርግ ድስት ይፈላል፤ አሥራ አምስቱ እንዳለ ይቀራል። ሐሙስ ዕለት ጎረቤቶቻችን ጀሪካናቸውን በራችን ላይ እያስቀመጡ ሄዱ። ከሰፈሩ ሙስሊም እናቶች አንዷ ሁለት ጀሪካን ይዛ መጥታ "ለአባወራሽ ትጥበት ይሁንልሽ" አለቻት እናቴን። የሣጥኑ ውስጥ ላስቲክ ለበሰ፤ አርባ ሴንቲው ላይም ባልደረባው በእርሳስ መስመር አሰመረ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአሠሪዬ ግማሽ ሰዓት ለመንኩ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ስልኩን ከፊቴ አቆምኩት። ግቢያችን በሰው ሞልቷል። ጥዱ በፀሐይ ቀልቶ ይታያል፤ ከላዩ እንፋሎት ይወጣል። አባቴን በነጭ ሸሚዝ፣ ባለ ረጅም እጅጌ፣ ባልደረባውና ሁለት ወንድሞች ተሸክመው አመጡት። ግራ እጁን ደረቱ ላይ አስተኙለት፤ በቀኙ የፓስተሩን ክንድ ያዘ። ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ውሃው ሲነሳ አየሁት። ወደ መስመሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ደረሰ። ባልደረባው ጎንበስ ብሎ አይቶ "ልክ ነው!" ብሎ ጮኸ። እኔ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አለቀስኩ።

ከዚያ ፓስተሩ "እንጸልይ" አለ። እህቴም ጸሎት ስትጀምር እጇን ወደ ላይ ታነሳለች። ስልኩ ከእጇ ጋር ተነሳ። እኔ ያየሁት ሰማይና የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ሲባል ሰማሁ። ውሃው አንድ ጊዜ ተንቦጫረቀ። ቀጥሎ እልልታው።

በሁለተኛው ቀን አባቴ ራሱ አስደውሎ አገኘኝ። ድምፁ ደህና ነበር።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግራ እጄ ገብታለች?"

"እንዴት አባዬ?"

"እሷ ምንም አትነግረኝም። ስገባ ደረቴ ላይ ነበረች። ስወጣ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋት። መቼ እንደሄደች አላውቅም።"

እጅጌው እርጥብ ነበር፤ ግን ሁሉም ተቃቅፎት፣ ውሃውም ተረጭቶ ስለነበር ያ ምስክር አይሆንም። እናቴን ጠየቅኋት። "በጸሎት ሰዓት ዓይን ይገለጣል እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። እህቴ ጨፍናለች። ባልደረባው እግሩን ይዞ ነበር፤ እሱም ጨፍኗል። ፓስተሩ ብዙ አመነታና "እኅቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም ጨፍኜ ነበር" አለኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ በአክብሮት አንድ ላይ ጨፍኖ፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የዘገየበትን ያን ቅጽበት ያየ ሰው ጠፋ።

በሒሳብ ላገኘው ሞከርኩ። እህቴ ላስቲኩ ላይ ውሃው የደረሰበትን ምልክት ለካችልኝ። ግን እጅ ከነመዳፉ ሁለት ኩባያ ቢሆን ነው፤ በዚያ ስፋት ላይ ውሃውን የሚያነሳው የጥፍር ውፍረት እንኳ አይሞላም። ሲባጎም ጣሳም እዚያ አይደርሱም። ፓስተሩ ጥምቀቱ ሙሉ ነው፣ ጸጋ በእጅ አይጎድልም ብሎታል፤ እኔም ይኸንኑ አምናለሁ። አባቴም ያምናል።

"የመዳን ነገር አይደለም የማስበው" አለኝ። "ግን ቀኟ መጋዝ ስትገፋ ጣውላውን አጥብቃ የምትይዘው እሷ ነበረች። ሁለት ጊዜ ተቆርጣ ተሰፍታለች። አብረን ገብተን እንደሆነ ማወቅ ደስ ይለኛል።"

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ረፋድ በግቢያችን የነበራችሁ፣ ውሃችሁን የሰጣችሁንና የዘመራችሁልን፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከመካከላችሁ በዚያ ጸሎት መሐል ዓይኑን የገለጠ ካለ አይፈር። ሕፃን ልጅ የያዘች እናት ትሆን ይሆናል፤ ወይም እንፋሎቱ ዓይኑን ያቃጠለው ሰው። ማንም አይወቅሳችሁም። እባካችሁ ወደ ቤታችን ግቡ፣ አልጋው አጠገብ ተቀመጡና ያያችሁትን ለራሱ ንገሩት። ያላያችሁ ግን ልታስደስቱት ብላችሁ አየሁ አትበሉት።